ፌታ የግሪኮች ብቻ ነው ወይ? ኑ እንከራከር

የአቴንሷ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት «ኮፐንሃገን ነኝ» የሚለው ወንድማችን በሌላ ወሬ መሃል «ፌታ የአይብ ዓይነት እንጂ የግሪክ ርስት አይደለም፣ ማንም ቢሠራው ምን ችግር አለው» ብሎ ጽፎ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። ስለዚህ እዚህ ልክፈተው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከግሪክ ውጭ ያለ አምራች ፌታ የሚለውን ስም እንዳይጠቀም መከልከሉ ተገቢ ነው? እኔ ተገቢ ነው ባይ ነኝ።

አቴንስ የምሠራው አንዲት አሮጊት እናት ቤት ነው። መጀመሪያ ሰሞን አይብ ግዢ ብለው ላኩኝና ከሱፐርማርኬት ርካሹን ነጭ አይብ ይዤ መጣሁ። አልተቆጡም። ቆረስ አድርገው በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፣ እንደ ላስቲክ መልሶ ነጠረ። «ይሄ የላም ነው» አሉኝ። በማግስቱ ምርኩዛቸውን ይዘው እሳቸው ራሳቸው ወሰዱኝ። እዚያ አይቡ የሚወጣው ከእንጨት በርሜል ነው። ሰውየው ሲቆርጠው የጨው ውሃው በእጁ ላይ ይወርዳል፣ ጠርዙ ይፈረፈራል፣ ሽታውም በግ በግ ይላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አልችልም።

ደንቡም ግልጽ ነው። ቢያንስ 70 በመቶ የበግ ወተት፣ የቀረው የፍየል፣ ቢያንስ 2 ወር ብስለት። ወተቱ ከዋናው የግሪክ ምድርና ከሌስቦስ ደሴት ብቻ መምጣት አለበት። ቀርጤስ ግሪክ ሆና እንኳ አልተፈቀደላትም።

ኮፐንሃገን ነኝ፦
እህቴ፣ የእናትየውን ጣት አምናለሁ። እኔ የምለው ግን ስለ ስሙ ነው። ፌታ የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፣ ቁራሽ ማለት ነው። የበግ አይብ ጨው ውሃ ውስጥ ማቆየት ደግሞ ቡልጋሪያም ቱርክም ያለ ነገር ነው። ታዲያ በተውሶ ቃል ላይ አንድ አገር ብቻውን እንዴት ባለቤት ይሆናል?

ፍርድ ቤቱም ቢሆን አንድ ጊዜ ሰርዞታል እኮ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ በ1996 ለግሪክ ተመዘገበ። በ1999 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ሰረዘው፣ ምክንያቱም የመዘገበው የአውሮፓ ኮሚሽን ስሙ በሌሎች አገሮች ምን ያህል ሲሠራበት እንደቆየ በቅጡ አላየም። በ2002 ኮሚሽኑ እንደገና መዘገበው። ጀርመንና ዴንማርክ ከሰሱ፣ በ2005 ተሸነፉ። እዚህ ላባቸውን አፍስሰው የሠሩ ሰዎች አሉ፣ ለአሥርተ ዓመታት በዚያ ስም ሸጠው አንድ ቀን ተው ተባሉ።

የወተት ቤት ሰው፦
በሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። የላም ወተት ካሮቲን ስላለው ወደ ቢጫ ያደላል። በግና ፍየል ካሮቲኑን ወደ ቫይታሚን ኤ ስለሚለውጡት ወተታቸው ነጭ ነው። ስለዚህ ከላም ወተት ፌታ ልሥራ ያለ ፋብሪካ አይቡን የሚያነጣበት ዘዴ ይፈልጋል። ዴንማርኮች ደግሞ ወተቱን በማጣሪያ አወፍረው ነው ሬኔት (ወተት ማርጊያ) የሚጨምሩበት። አጓቱ ሳይፈስ ይረጋል፣ ምርቱ ይበዛል፣ አይቡ ለስላሳ ሆኖ ይወጣል። ጥሩ ሥራ ነው፣ አልንቀውም። ግን ሌላ ሥራ ነው። የእናትየው አውራ ጣት ያገኘው ልዩነት ይሄው ነው።

ጠያቂው፦
እኔ ከሁለታችሁም ጋር አይደለሁም። የሚያስፈራኝ ተረቱ ነው። ፌታ ሲነሳ ሁሌ ከጥንት የግሪክ ተረት ያንን ዋሻ ውስጥ የበግና የፍየል ወተት የሚያረጋ አንድ ዓይና ግዙፍ እረኛ ያመጡልናል። ተረት የባለቤትነት ማስረጃ ከሆነ ማን ነው የሌለው?

የፈረንሳዩን አይብ የካማምቤርን ነገር እዩ። ኖርማንዲ ውስጥ ማሪ አሬል የምትባል ገበሬ በ1791 አብዮቱን የሸሸ ቄስ ደበቀች፣ እሱም የብሪ አገርን የአይብ አሠራር አሳያት ይባላል። ሐውልት ሁሉ ቆሞላታል። ግን የካማምቤር አይብ በ1708 በታተመ መዝገበ ቃላት ውስጥ ተጠቅሷል፣ ማሪ ገና ሳትወለድ። ቅርፊቱም ዛሬ እንደምናውቀው ነጭ አልነበረም፣ ግራጫና ሰማያዊ ነበር፣ ነጩ የተለመደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። «የጥንት» የምንለው ብዙው ነገር የአያቶቻችን ዘመን ነው።

የአቴንሷ ልጅ፦
ስለ ተረቱ እውነትህን ነው፣ እሱን እተወዋለሁ። ግን የራስህ ምሳሌ እኔን ነው የሚረዳኝ። ካማምቤር የሚለው ስም በጊዜው ስላልተጠበቀ ዛሬ ማንም ፋብሪካ ይጽፈዋል። የተጠበቀው «ካማምቤር ደ ኖርማንዲ» የሚለው ረጅሙ ስም ነው፣ እሱም ከ1983 ወዲህ። ባልፈላ ወተት፣ በጭልፋ 5 ጊዜ እየጨለፈ የሚሠራው ሰው አጭሩን የራሱን ስም ከሁሉም ጋር ይጋራል። ፌታ እንዲህ እንዳይሆን ነው የምለው።

የይርጋጨፌ ልጅ፦
እኔ ይሄን ክርክር ሳነብ አገሬ ትዝ አለኝ። በ2005 ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ላስመዝግብ ስትል የአሜሪካ የቡና ማኅበር የሲዳሞንና የሐረርን ተቃወመ። የቡና ዓይነት ስም ነው፣ የማንም አይደለም ተባለ። ልክ ፌታን እንደሚሉት! መንግሥት እንደ ፌታ ያለ የአካባቢ ስም ጥበቃ ያልመረጠው ማሳው የተበታተነ ስለሆነ ነው፣ እያንዳንዱን ገበሬ መቆጣጠርና ማረጋገጥ ከባድ ነው፣ ወጪውም እነሱ ላይ ይወድቃል። ጤፍም አለ፣ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ይዞ ቆይቶ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው። ስለዚህ እኔ ከግሪክ እረኛ ጋር ነኝ። ለራሴ የምፈልገውን ለእሱ ልከለክለው አልችልም።

ኮፐንሃገን ነኝ፦
ወንድሜ፣ ይርጋጨፌ ቦታ ነው፣ ካርታ ላይ አለ። ፌታ የሚባል መንደር አሳየኝ።

የአቴንሷ ልጅ፦
መንደር የለም፣ ልክ ነህ። ፍርድ ቤቱ ግን ሌላም ነገር አይቷል። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ሰው በነፍስ ወከፍ ከሚበላው ፌታ ከ85 በመቶ በላዩ የሚበላው ግሪክ ውስጥ ነው። ሌላ አገር የተሠራው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማሸጊያው ላይ የግሪክን ባህል የሚያስታውስ ነገር ነበረው። ስሙ የማንም ከሆነ የግሪክ ነገር ለምን ይለጠፍበታል? ገዢው ግሪክን እንዲያስብ ተፈልጎ ነው።

በዚያ ላይ ዴንማርኮች ስሙን ከአውሮፓ ውጭ ለሚልኩት አይብ ይዘውት ቀጠሉ፣ ሕጉ ኅብረቱ ውስጥ ለሚሸጥ እንጂ ወደ ውጭ ለሚላክ አይደለም ብለው። በ2022 በእሱም ፍርድ ቤት ተሸነፉ። አሜሪካ ውስጥ ግን ዊስኮንሲን ዛሬም በላም ወተት ሠርቶ ፌታ ብሎ ይሸጣል። የምትፈልገው ነፃነት እዚያ አለልህ።

ኮፐንሃገን ነኝ፦
የማሸጊያው ነገር ከብዶኛል፣ አልዋሽም። አሁን ተነስቼ ፍሪጄን አየሁ። ያው ልጆቼ ሰላጣ ላይ የሚበሉት አይብ ነው፣ ኩብ ኩብ ሆኖ የተቆረጠ፣ ስሙ «ነጭ አይብ» ሆኗል። ስሙ ከተቀየረ ወዲህም መግዛቴን አላቆምኩም። ፋብሪካውም አልተዘጋም። እሺ፣ በዚህ ተሸንፌያለሁ። የቡልጋሪያው እረኛ ጥያቄ ግን እስካሁን አልተመለሰልኝም።

የአቴንሷ ልጅ፦
የቡልጋሪያው የራሱ ስም አለው፣ ሲሬኔ ይለዋል። እሱም ከሌላ ሰው ሲጠበቅለት ደስ ይለኛል። ቅዳሜ እናትየውን እጠይቃቸዋለሁ፣ የሚሉትን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።