«ኖራው ተሰራጭቷል» ብዬ ጻፍኩ፤ «ለምን ዋሸኸኝ?» ተባልኩ

ጠያቂ፦ የዳሞት ልጅ (ፍኖተ ሰላም)

ጤና ይስጥልኝ። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ደጋማ ወረዳዎች በአሲዳማ አፈር ማሻሻያ ሥራ ላይ ከተሰማራሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራዬ በሦስት ወገኖች መካከል መመላለስ ነው፤ ገበሬው አለ፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አለ፣ ገንዘቡን የሚሰጠው የውጭ አገር አጋር ድርጅት አለ። ለገበሬው በቃል እናገራለሁ፣ ለወረዳው በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ለአጋሩ ድርጅት በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ለሦስቱም አንድ ነገር የተናገርኩ እየመሰለኝ ሦስት የተለያየ ነገር ስናገር መኖሬን የተረዳሁት በዚህ ዓመት መስከረም ላይ ነው።

በዚያ ደጋ አፈሩ ከዝናቡ ብዛት የተነሣ ታጥቦ አሲዳማ ሆኗል። ማዳበሪያ ቢጨመርበትም ፎስፈረሱን አፈሩ አስሮ ስለሚያስቀረው ሰብሉ አይጠቀምበትም። መፍትሔው ኖራ ነው፤ ሆኖም ኖራ ከዘር ቀደም ብሎ ተበትኖ፣ በእርሻ ከአፈሩ ጋር ካልተደባለቀ የሚፈለገውን ያህል አይሠራም፤ ለአንድ ሄክታርም በአሥር የሚቆጠር ኩንታል ይጠይቃል። የእኛ ኖራ የደረሰው ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ ገበሬው ለዘር በሚጣደፍበት ሰዓት ነበር። ስብሰባ ጠርተን አስረዳን። «ገብቷችኋል ወይ?» ብዬ ስጠይቅ «እሺ፣ ገብቶናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉኝ፤ ፈርመውም ወሰዱ። እኔም «ኖራው ለ62 አባወራዎች ተሰራጭቷል፤ የገበሬው አቀባበል አበረታች ነው» ብዬ በሁለቱም ቋንቋ ጻፍኩ።

መስከረም ላይ የአጋሩ ድርጅት ባለሙያ ለጉብኝት መጣ። በመጀመሪያው ቤት እናትየዋ ጠላ ቀድተው፣ የገብስ ቆሎ አቅርበው ተቀበሉን። ከጎታው ጀርባ ኖራው በኬሻ እንዳለ ተደርድሯል፤ እርጥበት ነክቶት ጥግ ጥጉ ጓጉሏል። እንግዳው ጎንበስ ብሎ ኬሻዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ቆጠራቸው። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ቤት እንደዚያው ነበር። በመኪና ስንመለስ በረጋ ድምፅ «ለምን ዋሸኸኝ?» አለኝ።

እኔ ግን አልዋሸሁም፤ ኖራው በእርግጥ ተሰራጭቷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው፤ አንዲትም ሐሰት ሳልጽፍ የጻፍኩት ሁሉ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። አሁን የእርምት ሪፖርት መጻፍ አለብኝ። ገበሬው «እሺ» ሲል እውነተኛ ሐሳቡን እንዴት ልወቅ? ወረዳውንና ቀበሌውን ሳላዋርድ፣ ለውጭው አንባቢም ሳልሸፋፍን እንዴት ልጻፍ? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦ ከእንጅባራ

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ አንድ ያልነገርከን ነገር አለ፤ ስብሰባው የተካሄደው በየትኛው ቋንቋ ነበር? በአማርኛ ከሆነ ግማሹ መልስ እዚያው ላይ አለ። እኔ አዊ ነኝ፤ አፌን የፈታሁትም በአውንጊ ነው። አውንጊ የኩሽ ቋንቋ ስለሆነ ከአማርኛ ጋር በትውልዱ የተለየ ነው፤ ብዙ ዘመን አብረን ስለኖርን ግን ሰው ሁሉ አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር ይመስላል። ገበያ የሚመላለሰው አባወራ እውነትም አቀላጥፎ ይናገራል። እናቴ ግን የምታውቀው አማርኛ ለሰላምታና ለምርቃት የሚበቃ ነው፤ የመንግሥት ሰው ሲያናግራት «እሺ» ትላለች። ይህ «እሺ» በእናቴ አንደበት «ሰምቼሃለሁ፣ አክብሬሃለሁ፣ በሰላም ግባ» ማለት ነው። አደርገዋለሁ የሚል ቃል የለበትም።

በጤና ሥራ ላይ ለዓመታት ስሠራ የተማርኩት «ገብቷችኋል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ጨርሶ መተው ነው። በጉባኤ መካከል «አልገባኝም» የሚል ሰው ራሱን ደደብ፣ አንተንም ማስረዳት የማትችል አድርጎ በጎረቤቶቹ ፊት መመስከሩ ነው፤ ጨዋ ሰው ደግሞ እንግዳን አያሳፍርም። እኔ መድኃኒት ስሰጥ እናትየዋን «ዛሬ ያልመጣችው ጎረቤትሽ ብትጠይቅሽ ምን ብለሽ ትነግሪያታለሽ?» እላታለሁ፤ በራሷ ቋንቋም ትነግረኛለች። የተሳሳትኩት እኔ ብሆን እንኳ ያን ጊዜ ይታየኛል።

ለኖራው ደግሞ የሚበጀው ጥያቄ የቀንና የቦታ ጥያቄ ነው። «በየትኛው ማሳ ላይ? በየትኛው ቀን? ወንፈሉ ከማን ጋር ነው?» ብለህ ጠይቅ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ይህን ብትጠይቅ ኖሮ ገበሬው ቀኑን በጣቱ ይቆጥርልህ ነበር፤ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ፤ በዚያ ላይ ቅዳሜና እሑድ አለ። የሚተርፉት ጥቂት ቀናት ለዘሩም አይበቁም። ቀንና ማሳ ያልተጠራለት «እሺ» በእኔ ልምድ «አይሆንም» ነው፤ በጨዋ አፍ የተነገረ «አይሆንም»።

አንድ ነገር ልጨምር። ስብሰባው ሲበተን ወዲያው መኪና ውስጥ አትግባ። ዋናው ቃል የሚገኘው ከስብሰባው በኋላ፣ በመንገድ ላይ ወይም ቡና ሲፈላ ነው። ማስታወሻ ደብተርህን አጥፈህ አብረሃቸው ተራመድ።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር (ደብረ ማርቆስ)

ልጄ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። «ለምን ዋሸኸኝ» የሚለው ቃል ምን ያህል እንዳቆሰለህ ይገባኛል፤ ስለዚህ አስቀድሜ ስለ ባህላችን ጥቂት መናገር እፈልጋለሁ፤ ይሉኝታንና ውሸትን አንድ አድርገው የሚያዩ ሰዎች ስላሉ።

በእኛ አገር ክፉ ወሬ መንገድ አለው። ሰው ሲሞትበት ለባለቤቱ በድንገት አይነገረውም። ዘመድ ወዳጅ አስቀድሞ በምስጢር ይሰማል፣ ይመካከራል፣ ሌሊቱን ይሰባሰባል፤ ገና ሳይነጋጋ ሽማግሌዎች ቀድመው ይገባሉ፤ መርዶው የሚነገረው የሚደግፍ ክንድ በዙሪያው ካለ በኋላ ነው። እስከዚያው ድረስ ባለቤቱ «ወንድሜ እንዴት ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ «ትንሽ አሞታል» ይባላል። ይህን የሚል ሰው ሐሰተኛ አይባልም፤ እንዲያውም በስልክ ድንገት የሚያረዳ ሰው ነው የሚነቀፈው። አንተም «አቀባበሉ አበረታች ነው» ስትል ያደረግኸው ይህንኑ ይመስለኛል፤ «ትንሽ አሞታል» አልክ። ስሕተቱ መርዶ ለማርዳት ሌሊት የሚሰባሰብ ዘመድ ለሌለው ሰው ይህን ማለትህ ነው። ሩቅ አገር በጠረጴዛው ላይ ወረቀት የሚያነብ ሰው «ትንሽ አሞታል» ሲባል በእርግጥ ትንሽ የታመመ ይመስለዋል።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ከዋሸራ፣ ከጎንጅ፣ ከደብረ ኤልያስና ከዲማ ጉባኤ ቤቶች የወጡ ሊቃውንት ሰሙን ሰምተው ወርቁን ለመፈልፈል የሠለጠነ ጆሮ አላቸው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ የሚሰማው ሰው ግን ያልተባለውን ያደምጣል። ይህ ጆሮ ከጉባኤ ቤት አልፎ በገበሬው ቤትም አለ፤ የወረዳው ኃላፊም አለው። የወረዳው ሰው «ኖራው ተሰራጭቷል» የሚለውን ሲያነብ «ተበትኗል» እንዳላልክ ልብ ሳይለው አይቀርም። ለውጭው ሰው ግን ወርቁን ከላይ አውጥተህ አስቀምጥለት፤ መጀመሪያ ቁጥሩን፣ ቀጥሎ ምክንያቱን፣ መጨረሻ ላይ ምስጋናውን።

ለወረዳውና ለቀበሌው ደግሞ መንገዱን ጠብቅ። ወረቀቱ ከመድረሱ በፊት ራስህ ሄደህ ለኃላፊው ለብቻው በቃል ንገረው። ሰው ጉድለቱን በደብዳቤ ሲያነብ የተከሰሰ ይመስለዋል፤ አስቀድሞ በቃል ከተነገረው ግን መፍትሔውን አብሮህ ያስባል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የወረቀት ወለምታ ደግሞ ማኅተም ስላለበት ከዚያም ይብሳል።

መልስ፦ የቢቡኝ ልጅ (ኔዘርላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ቢቡኝ ነው፤ አሁን የምኖረውና የምሠራው በኔዘርላንድ ሲሆን፣ ከተለያዩ አገሮች የሚመጡ የፕሮጀክት ሪፖርቶችን ማንበብ ከሥራዬ አንዱ ነው። በወዲያኛው በኩል ምን እንደሚሆን ልንገርህ።

ጋሼ ስለ መርዶ የተናገሩትን ሳነብ ልቤ ተነካ፤ በአንድ ነገር ግን ትንሽ እለያለሁ። ለውጭው አንባቢ ክፉውን ወሬ እስኪነጋ መጠበቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም መዘግየቱ ከክፉው ወሬ የባሰ ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል። እዚህ ሪፖርት የሚነበበው ለምስጋና ወይም ለወቀሳ ሳይሆን ገንዘቡና ጊዜው ወዴት ይዙር የሚለውን ለመወሰን ነው። ሐምሌ ላይ «ኖራው ዘግይቶ ስለደረሰ አልተበተነም» ብለህ ጽፈህ ቢሆን ኖሮ የሚቀጥለውን ዓመት ማጓጓዣ በጊዜው ለማዘዝ ያስችል ነበር። መስከረም ላይ በዓይኑ ሲያየው ግን ያ ዕድል አልፎ ነበር፤ የተቆጣውም ለዚህ ይመስለኛል።

በአገራችን የሪፖርት አማርኛ የለመድናቸው ቃላት ሲተረጎሙ ባዶ ይሆናሉ። «በሂደት ላይ ይገኛል» የሚለውን እዚህ ያለ አንባቢ «ተጀምሯል፣ ቀኑ ሲደርስ ያልቃል» ብሎ ይረዳዋል፤ እኛ ዘንድ ግን ጨርሶ ያልተጀመረም በሂደት ላይ ነው። «የተወሰኑ ውስንነቶች ታይተዋል» ስንል ማን አየ? ማን ወሰነ? አማርኛ ሠሪውን ደብቆ ድርጊቱን ብቻ ለመናገር የሚያመች ቋንቋ ነው፤ በሽማግሌ ፊት ሰው ላለማዋረድ ትልቅ ጥበብ ነው፤ በሪፖርት ላይ ግን ሠሪው ሲጠፋ የሚያርመውም ሰው አብሮ ይጠፋል። ሠሪው አንተ በሆንክበት ቦታ ሁሉ «እኛ» ብለህ ጻፍ። ራስን መጥቀስ ማንንም አያዋርድም፤ ለቀሪው ሁሉም እምነት ያተርፍልሃል።

ስለ ዘመን አቆጣጠርም ተጠንቀቅ። የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሁለተኛው ሩብ ዓመት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ በእነሱ ከኦክቶበር 11 እስከ ጃንዋሪ 8 ማለት ነው። «ሁለተኛ ሩብ ዓመት» ብቻ ብለህ ከላክህ ግን በጃንዋሪ የሚጀምሩት ከኤፕሪል እስከ ጁን ያለውን ያስባሉ። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ «3 ሰዓት» ያልከው ጠዋት በእነሱ 9 ሰዓት ነው፤ በዚህ ምክንያት ሰው ስድስት ሰዓት ሙሉ ሲጠብቅ አይቻለሁ። መሬትንም በጥማድ ለክተህ ከጻፍክ ከጎኑ በሄክታር አስቀምጥለት።

«ለምን ዋሸኸኝ» ያለህን ሰው ደግሞ ጠላት አታድርገው። እዚህ አገር ሰው በቀጥታ የሚነግርህ አብሮህ መሥራቱን ለመቀጠል ሲፈልግ ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይህ ጽሑፍ አይረባም» ሲለኝ ለሳምንት አላናገርኩትም፤ እሱ ግን በማግሥቱ ቡና ይዞልኝ መጣ፤ ምን እንዳስቀየመኝም አልገባውም ነበር። ቢሆንም ቃሉ ከብዷል፤ በእኛ አገር «ዋሸህ» ማለት ምን ያህል እንደሚያቆስል አንተው ብትነግረው ይጠቅመዋል። መማር ያለብህ አንተ ብቻ አይደለህም።

የጠያቂው ምላሽ፦ የዳሞት ልጅ

እህቴ፣ ስብሰባው በአማርኛ ነበር። ለማስተርጎም እንኳ አላሰብኩም፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ አውንጊ ተናጋሪ የልማት ሠራተኛ ጋር ተመልሼ ሄጄ፣ ደብተር ሳልይዝ፣ እናትየዋ ቤት ቡና ጠጣሁ። ኖራውን ያልበተኑት ስላልፈለጉ አልነበረም። «ለመጪው እርሻ ይሆናል ብለን ከዝናብ ደበቅነው» አሉ። እስካሁን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

ጋሼ፣ ምክርዎን ተቀብያለሁ። የቢቡኙ ወንድሜ፣ «እኛ» ብዬ ጽፌያለሁ። የእርምቱ አንቀጽ እንዲህ ይላል፦ «ኖራ ለ62 አባወራዎች ሰጥተናል። እስከ መስከረም 20 (ሴፕቴምበር 30) ድረስ በማሳቸው ላይ የበተኑት 9 ናቸው፤ በ53 ቤቶች ኖራው በኬሻ እንዳለ ተቀምጧል። ይህ የሆነው ኖራውን ከዘር በፊት ማድረስ ሲገባን በዘር ወቅት ስላደረስን ነው። የማስረዳቱንም ሥራ የሠራነው በአውንጊ ሳይሆን በአማርኛ ብቻ ነው። ለሚቀጥለው ዘመን ኖራውን እስከ መጋቢት 30 (ኤፕሪል 8) ማድረስ አለብን።»

ከመላኬ በፊት አማርኛውን ለቀበሌው ሊቀመንበር አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰምተው «በኬሻ ተቀምጧል ከሚለው በፊት የመጣበት ቀን ይቅደም፤ ገበሬው ሰነፍ ነው እንዳይባል» አሉኝ። ለወረዳው በሚሄደው ቅጂ ላይ ቀኑን አስቀድሜዋለሁ። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወረዳው ገብቼ ለኃላፊው በቃል እነግራቸዋለሁ፤ ወረቀቱ ከነገ ወዲያ ይደርሳቸዋል።