«ጽፎ ማስገባት ብቻ ነው» አሉን

የሦስት ልጆች እናት፦ እሁድ ቱሉ ዲምቱ በነበረው የቤት ማህበራችን ስብሰባ አማካሪው ኢንጂነር ያሉትን ሰምታችኋል አይደል? «ለአካባቢ ተስማሚ ግንባታ ቅንጦት አይደለም፤ ስፔሲፊኬሽኑ፣ የሥራ ዝርዝሩ ላይ ጽፎ ማስገባት ብቻ ነው።» ብቻ! እኔ ስድስት ዓመት የቆጠብኩት ለቤት ነው፣ ለጽሑፍ አይደለም። የሚጨምረውን ብር ማን ነው የሚከፍለው? የሚመልስልኝ ካለ ይናገር።

ረቂቅ፦ እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ምን ብር ይጨምራል? «ሲሚንቶ» ብሎ ከማለፍ «ለግንብና ለልስን ፒፒሲ» ብሎ መጻፍ ነው። ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ ከፊሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ክሊንከሩ፣ ማለትም የኖራ ድንጋይ ተጋግሮ የሚወጣው የሲሚንቶ ዋና ክፍል፣ ያነሰ ነው። ዓለም ከምትለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ100 ውስጥ 7 ወይም 8 እጁ የሲሚንቶ ነው። ከዚያም ከግማሽ በላዩ የሚወጣው ከነዳጁ አይደለም፤ ምድጃው ውስጥ ከሚጋገረው የኖራ ድንጋይ ከራሱ ነው። ምድጃውን በግድብ መብራት ብታነዱትም አይቀርም። ያለው መላ ክሊንከር መቀነስ ነው። ፒፒሲ ደግሞ ይረክሳል እንጂ አይወደድም።

ፎርማን ነኝ፦ ወንድሜ፣ ልስን በፒፒሲ ድሮም የምንሠራው ነው። እንኳን ደህና መጣህ። ጥያቄው ኮለንና ሶሌታ፣ ምሰሶውና የፎቁ ወለል ላይ ነው። ፒፒሲ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው። ካሳው፣ ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ፣ ቶሎ አይፈታም። ካሳ ደግሞ በቀን ኪራይ ነው። ኮንክሪቱ ውሃም ረዘም ላለ ጊዜ መጠጣት አለበት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ውስጥ ማለት በቦቴ ገዝተህ ነው። አሁንም «ብቻ»?

ሒሳብ ያዥ፦ የሥራ ዝርዝሩ እጄ ላይ አለ። ላንብብላችሁ፤ «ለአካባቢ ተስማሚ ቀለም ወይም ተመጣጣኙ»። የምን ተመጣጣኝ? ከምኑ ጋር ይመጣጠናል? ተቋራጩ ያገኘውን ባልዲ አምጥቶ «ይኸው ተመጣጣኝ» ሲል ምን ብለን ልንመልሰው ነው?

ረቂቅ፦ እሱ ልክ ነው፣ ደካማ አጻጻፍ ነው። ግን መፍትሔው አሁንም መጻፍ ነው። «እርሳሱ በሚሊዮን ከ90 ክፍል የማይበልጥ» በሉት፤ እርሳስ ያልኩት ቀለም ውስጥ የሚገባውን መርዛማ ብረት፣ ሊድን ነው። የእርሳስ ቀለም ደንብ አለን፣ ቁጥር 429። የላብራቶሪ ውጤት ያልያዘ ባልዲ ከአጥር አያልፍም ብሎ ማሰር ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦ አያችሁልኝ? አሁን ደግሞ ላብራቶሪ መጣ። «ብቻ»ዋ የት ገባች?

ረቂቅ፦ እህቴ፣ ግድግዳ የሚልሱት እኮ ያንቺው ልጆች ናቸው።

የሦስት ልጆች እናት፦ ልጆቼን ከዚህ አውጣቸው። ግድግዳ የሚልስ ልጅ የለኝም።

የአቃቂ ልጅ፦ በቀለም ተጨቃጨቁ፣ ትልቁ ነገር ከእግራችሁ ሥር ነው። መሬታችን መረሬ፣ ጥቁር ጭቃ አፈር ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ተቆፍሮ ይወጣና ገረጋንቲ፣ የማያብጥ ጠጠራማ አፈር ይሞላል። ያ ሁሉ ጤፍና ሽምብራ ያበቀለ አፈር በገልባጭ ተጭኖ የት ይሄዳል? ሲመሽ ወንዝ ዳር ነው የሚደፋው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ክረምት ሲመጣ ወንዙ ይዞት ይሄዳል። ዝርዝሩ ምን ይላል? «ትርፍ አፈር ከሳይት ይወገዳል።» ወዴት እንደሆነ አይልም። ኢንጂነሩ ጽፎ ማስገባት ከወደዱ ከዚህች መስመር ይጀምሩ።

ሒሳብ ያዥ፦ ይህቺን ወድጃታለሁ። ግን ርቀቱ ሲጨምር የጭነቱ ዋጋም ይጨምራል።

የአቃቂ ልጅ፦ ይጨምር።

የሦስት ልጆች እናት፦ ከማን ኪስ?

ጋሽ ግንበኛ፦ ልጆቼ፣ እኔን አድምጡኝ። በእኛ ጊዜ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ሰንብቶ ነበር የሚለሰነው። ሙቀት አይገባ፣ ብርድ አይገባ። አሁን ጭቃ ሲባል ድህነት ይመስላችኋል። ፊቱን ሁሉ መስታወት አልብሳችሁ ከሰዓት በኋላ በመጋረጃ ትሸፍኑታላችሁ።

ፎርማን ነኝ፦ ጋሼ፣ ማገሩን የበላውን ምስጥ ግን ዘለሉት።

ጋሽ ግንበኛ፦ ምስጥ የሚበላው ሰነፍ የሠራውን ነው።

ረቂቅ፦ ጋሼ ትክክል ናቸው። ልደታ፣ የአርክቴክቸር ኢንስቲትዩቱ ግቢ ውስጥ በተጠቀጠቀ አፈር ግድግዳ ባለ ፎቅ ማሳያ ቤት ተሠርቷል። ፎቁን የተሸከመው ቅስት ነው፣ ፌሮ አይደለም። ሄዳችሁ እዩት።

የአቃቂ ልጅ፦ ማሳያ! አሁን መረሬ ላይ አሳየኛ። መረሬን ጠቅጥቀህ ብታደርቀው ይሰነጣጠቃል። ቀይ አፈር ከሩቅ በገልባጭ ልታመጣልን ነው? ናፍጣውም ለአካባቢ ተስማሚ ነው ወይስ ተመጣጣኙ?

ፎርማን ነኝ፦ 😂 ተመጣጣኙ!

ረቂቅ፦ ሳቁ። ለመረሬ ነው ልሥራው ያልኩት? ለራሱ ቦታ የራሱ ዕቃ ነው ያልኩት። ስምጥ ሸለቆ ፑሚስ የሚባል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለን፣ ቀላል ብሎኬት ይወጣዋል። ስለ አጣናውም አንድ ነገር ልበል። መወጣጫው በብረት ይተካ፣ አጣናው ሁለት ሦስቴ አገልግሎ ማገዶ ነው የሚሆነው።

ፎርማን ነኝ፦ ብረቱ በዶላር ይመጣል፣ አጣናው ከሱሉልታ። ገበሬው የሚሸጠውን ልትከለክለው ነው?

የአቃቂ ልጅ፦ ባህር ዛፍ ውሃውን ምጥጥ አድርጎ ጨርሶታል እኮ።

ጋሽ ግንበኛ፦ በምኒልክ ጊዜ የመጣው ባህር ዛፍ ባይኖር ይሄ ከተማ ማገዶ አጥቶ ነበር። ምስጋና ቢሶች።

የሦስት ልጆች እናት፦ ውሃ ካላችሁ አይቀር እኔም ልናገር። የምፈቅደው አንድ ተስማሚ ነገር አለ፤ የጣሪያው ውሃ ይያዝ። በየሳምንቱ ለቦቴ ከመክፈል ይሻለኛል።

ሒሳብ ያዥ፦ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ጣሪያችን 300 ካሬ፣ ዝናቡ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ። 360 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለ20 አባወራ ሲካፈል ለአንዱ በቀን 50 ሊትር አይሞላም። ያውም ጠብታ ሳይባክን። ደግሞ አብዛኛው የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ እስከ ሚያዝያ የሚያደርስ ታንከር የት ልናስቀምጥ ነው?

የሦስት ልጆች እናት፦ ከመሬት በታች።

ፎርማን ነኝ፦ መረሬ ላይ? በሉ ደግሞ እንደገና እንቆፍራለን።

የአቃቂ ልጅ፦ አፈሩንም ወንዝ ዳር።

ረቂቅ፦ እናንተ ሁሉንም ነገር መጣያ ነው የምታውቁት። ቢያንስ ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል። ለልስን ማጠጫም ይሆናል።

ሒሳብ ያዥ፦ ቃለ ጉባኤውን ዛሬ ልጨርስ ነው። የኢንጂነሩ ንግግር ውስጥ ያለችው «ብቻ» ትቆይ ወይስ ትውጣ?

ረቂቅ፦ ትውጣ። ሰውዬው በቅን ልቦና ነው የተናገሩት።

የሦስት ልጆች እናት፦ ትቆይ! እሁድ እፊታቸው ላይ አነብባታለሁ።

ፎርማን ነኝ፦ እሁድ ጠዋት ቦቴ ይመጣል ተብሏል። ማን ነው የሚቀበለው?