የቀላል ባቡሩ አጥር በተጠገነ ማግስት ይቆረጣል፤ ምን ይሻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አያት–ጦር ኃይሎች መስመር፣ ባቡሩ በምድር በሚሄድበት በኩል አንድ ቦታ አጥሩ በተጠገነ ማግስት ይቆረጣል። ቁመቱን 1.80 ሜትር ላድርገው ወይስ ብረቱን ላወፍረው? ከሀዲዱ ጋርስ በኬብል ማገናኘት የግድ ነው?

መንገድ ነዳፊ፦
ቁመትም ውፍረትም አይፈታውም። አንድ ቦታ ደጋግሞ ከተቆረጠ ፊት ለፊቱ ታክሲ ማቆሚያ ወይም ገበያ አለ፣ መሻገሪያው ደግሞ ሩቅ ነው ማለት ነው። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ሰው አስቆጥር፤ ብዙ ከሆነ ራስህ መሻገሪያ ክፈትለት። ግን ቀጥ አድርገህ አይደለም። መግቢያውን በዜድ ቅርጽ እጠፈውና እግረኛው ሀዲድ ከመርገጡ በፊት ፊቱ ባቡሩ ወደሚመጣበት ይዙር። ለዊልቸር መዞሪያ 1.50 ሜትር ተውለት።

ሀዲድ፦
1.80ውን መሻገሪያው አጠገብ እንዳታደርሰው። ሁለቱን ሀዲድ ለማለፍ 8 ሜትር ካለ፣ በሰከንድ 1 ሜትር የሚራመድ አዛውንት 8 ሰከንድ ይፈጅበታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በዚያች ጊዜ 110 ሜትር ይጓዛል፤ ያን ያህል ርቀት መታየት አለበት። «ፍርግርግ ስለሆነ ያሳያል» እንዳትሉኝ። ፊት ለፊት ሲታይ ያሳያል፤ በጎን አሻግረው ሲያዩት ግን ዘንጎቹ ተደራርበው ግድግዳ ይሆናሉ። ከመክፈቻው ግራና ቀኝ 30 ሜትር ያህል ከ1 ሜትር አይብለጥ። ሹፌሩ ድንገተኛ ፍሬን ቢይዝ እንኳ በደረቅ ሀዲድ 50 ሜትር ገደማ ሄዶ ነው የሚቆመው፤ ዝናብ ካለ ይብሳል።

ኤሌክትሪካል፦
በዘፈቀደ ከሀዲዱ ጋር አታገናኙት! መስመሩ 750 ቮልት ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ነው፤ ከረንቱ የሚመለሰው በሀዲዱ ነው። አጥሩ ከተያያዘ ከፊሉ በምሰሶዎቹ በኩል ወደ መሬት ይሾልክና የምሰሶውን እግር፣ አጠገቡ የተቀበረውን የውሃ ቧንቧ ጭምር ይበላዋል። አጥሩ የራሱ ግራውንድ (ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ሽቦ) ይኑረው። ለባቡሩ ኃይል የሚሰጠው የላይኛው ሽቦ ቢበጠስ ሊያርፍበት የሚችለውን ክፍል ግን የመስመሩ ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ሳይወስኑ እንዳትነኩት። ብየዳ ሲሠራም የማሽኑን ክላምፕ (የመመለሻ ገመዱን መቆንጠጫ) እዚያው የሚበየደው የአጥር ፓነል ላይ እንጂ ሀዲድ ላይ አታስነክሱ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ያልተቆረጠው ፓነልስ? ዳዶው እየተፈታ ይሄዳል።

መንገድ ነዳፊ፦
ካጠበቅህ በኋላ ዳዶውን ከቡሎኑ ጋር በነጥብ በይደው፤ ብየዳው ጋልቫናይዙን (ዝገት የሚከላከለውን የዚንክ ልባስ) ስለሚያቃጥለው ዚንክ ቀለም ቀባው። አግዳሚ ብረቶቹን ወደ ሀዲዱ በኩል አዙር፣ በመንገዱ በኩል ከሆኑ መሰላል ናቸው። በዘንጎቹ መሀልም፣ ከሥር ከመሬቱ ጋርም ክፍተቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር አይለፍ።