ጦስኝ ወይስ ክኒን?

ጠያቂው (ማርቆስ)፦ እናቴ 92 ኪሎ ናት። ግፊቷ 160/100 ተገኘና ኢናላፕሪል ታዘዘላት። ጎረቤት መጥቶ «ክኒኑን ተይው፣ የጮቄ ተራራን ጦስኝ ጠዋት ማታ ጠጪ» አላት። አሁን ክኒኑን መሶብ ስር ሸሽጋ በፔርሙዝ ሙሉ ጦስኝ ትጠጣለች። ምን ትላላችሁ?

የቡሬው፦ ጎረቤትየው ምን አጠፋ? አያቶቻችን በጦስኝና በነጭ ሽንኩርት ነው ያረጁት። ክኒን ደግሞ አንዴ ከተጀመረ መውጫ የለውም። አጎቴን እኮ ኢናላፕሪል ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለው ነበር።

ነርሷ፦ ሳሉ የታወቀ ነው፤ ለሐኪሙ ሲነገር መድኃኒቱ ይቀየራል እንጂ አይጣልም። አያቶቻችን ደግሞ ሲያርሱ ውለው ነው የሚገቡት። ስንቱስ ድንገት ወድቆ «ጋኔን መታው» ተባለ፣ ማን ለክቶለት ያውቃል? ጦስኝ አይጥ ላይ ተሞክሮ ግፊት ቀንሷል፣ አልክድም። ሰው ላይ የተሻለ ማስረጃ ያለው ግን ከርከዴ፣ ቀዩ የአበባ ሻይ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ጥናት ግፊታቸው ከፍ ማለት የጀመረ ሰዎች በቀን 3 ኩባያ ለ6 ሳምንት ጠጥተው የላይኛው ቁጥር በ7 ገደማ ወረደ። ከ160 ላይ 7 ሲነሳ 153። ያው ግፊት ነው!

የቡሬው፦ ከክኒኑ ጋር ቢደረብስ?

ነርሷ፦ ቅድም «መውጫ የለውም» ስትል አልነበር? ይደረብ፣ ግን ሐኪሟ ይወቅ። ከርከዴ በከፊል የኢናላፕሪልን ዓይነት ሥራ ይሠራል ተብሎ ስለሚታሰብ ግፊቷ ከልክ በላይ ወርዶ ሊያዞራት ይችላል።

ዳንግላ፦ እናንተ ቅጠሉ ላይ ተጣላችሁ፣ 92 ኪሎውን ማንም አላነሳውም። ሰው ሲወፍር ኩላሊቱ ጨውና ውሃ ይይዛል፣ ልብም በኃይል ትገፋለች። አንድ ኪሎ ሲቀነስ ግፊትም በአማካይ 1 ገደማ ይወርዳል። ለመሆኑ ጦስኙ ላይ ስንት ማንኪያ ስኳር ታደርጋለች?

ጠያቂው፦ ሦስት። ቡናዋን ደግሞ በጨው ነው።

ዳንግላ፦ አይ እማማ! የቀኑ ጨው ከወጡ ጋር ተደምሮ ከ5 ግራም በታች ነው መሆን ያለበት፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ አትሞላም እኮ።

ጠያቂው፦ ክኒኑን ከመሶቡ ስር አውጥቼ ሰጠኋት፣ ዋጠች። ጦስኙን አልከለከልኳትም። ስኳሩን ግን አሁን እኔ ሸሽጌዋለሁ፣ ከማለዳ ጀምሮ አኩርፋኛለች።