ለትንንሽ ስፒከሮች የትኛው ሰብዉፈር ይስማማል?

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ሸዋ በር

ሰላም ለሁላችሁ። ሳሎኔ 4 በ3 ሜትር ነው። መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ባለ 5 ኢንች ጥንድ ስፒከሮች አሉኝ። ጥርት ያሉ ናቸው፤ መሰንቆ ስሰማ ተጫዋቹ አጠገቤ የተቀመጠ ይመስለኛል። ባንድ ያጀበው ባቲ ወይም አምባሰል ስከፍት ግን ቤዝ ጊታሩ ይጠፋብኛል። ሱቅ ሰብዉፈር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር፣ ብጠይቅ ባለ 12 ኢንቹን፣ 1000 ዋት የተጻፈበትን ውሰጂ አሉኝ። እኔ ቤት የሚያናውጥ ነገር አልፈልግም። ግድግዳ የምንጋራቸው እማማም አሉ። አምፕሊፋየሬ ደግሞ የሰብዉፈር መውጫ የለውም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ከኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ። ካርቶን ላይ የተጻፈውን ዋት እርሺው፤ ብዙ ጊዜ ለመሸጫ የተጻፈ ነው። ለአንቺ ሳሎን ባለ 8 ወይም ባለ 10 ኢንች ይበቃል።

ሳጥኑን ደግሞ በደንብ እይው። ቀዳዳ ያለው ሳጥን የበለጠ ይጮኻል፤ ርካሹ ግን አንዷን ድምፅ ብቻ እየደጋገመ ይጎትታታል። ዝግ ሳጥን ድምፁ ወደ ታች ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው። ለዘፈን እኔ ዝጉን እመርጣለሁ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ነው (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ድምፁ ይወፍራል)፤ ባለ 5 ኢንች ስፒከር ብዙውን ጊዜ 60 አካባቢ ሲደርስ ይደክማል። የጎደለሽ ያቺው ናት። ማቋረጫውን፣ ማለትም ሰብዉፈሩ ከስንት ኸርዝ በታች እንደሚጫወት የሚወስነውን ቁልፍ፣ 80 ላይ አድርጊው።

መልስ፦ ከወልድያ

ጥገና ላይ ነው የምሠራው። በሳጥኑ እስማማለሁ፣ በ80ው ግን አይደለም። 80 የሚሠራው ስፒከሮቹም ከ80 በታች እንዳይጫወቱ የሚቆርጥ መሣሪያ ሲኖር ነው። የአንቺ አምፕ አይቆርጥም። ስለዚህ ከ60 እስከ 80 ያለውን ሁለቱም ይጫወቱታል፤ የወንድ ዘፋኝ ድምፅ ይወፍርብሻል። ከ60 ወይም ከዚያ ዝቅ ብለሽ ጀምሪ። ክራርና መሰንቆ በአብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሆኑ አይነኩም።

መውጫ የለውም ብለሽ አትጨነቂ። ስትገዢ ጀርባውን አዙሪው። የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ይኑረው፤ ቀይና ጥቁር የስፒከር ገመድ ማስገቢያም ይኑረው። ከአምፑ የስፒከር መውጫ ተጨማሪ ገመድ ወደዚያ ትወስጃለሽ። የስፒከሮቹን ገመድ አትንኪው። የራሱ አምፕ የሌለውን ሰብዉፈር ግን እዚያ ላይ ደርበሽ እንዳትሰኪ፤ ጭነቱ በዝቶ አምፑ ሊቃጠል ይችላል። ስትሰኪ ሁሉም ይጥፋ። ከዚያ እምምም የሚል ድምፅ ካስቸገረሽ አምፑንና ሰብዉፈሩን አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክተሽ ሞክሪ።

መልስ፦ ከሐይቅ

ውዴ፣ ምርጡን ገዝተሽ ጥግ ላይ ብትወትፊው ገንዘብሽ ባከነ ማለት ነው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 43 ኸርዝ አካባቢ ድምፅ ያሳብጣል። ያ ደግሞ ለዚያ ወፍራም ክር ቅርብ ነው።

እንዲህ አድርጊ። ሰብዉፈሩን ራስሽ የምትቀመጪበት ሶፋ ላይ አስቀምጪው። ቤዙ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስበት ዘፈን ክፈቺ። ከዚያ ጎንበስ ብለሽ በግድግዳው ዙሪያ ቀስ እያልሽ ሂጂ። አንድ ቦታ ላይ ይጮኻል፣ አንድ ቦታ ላይ ይጠፋል። እያንዳንዱ ኖታ እኩል የሚሰማበት ቦታ ስትደርሺ ሰብዉፈሩን እዚያ አኑሪው።

ጀርባው ላይ ብዙውን ጊዜ 0 እና 180 የሚል መቀያየሪያ አለ። ሶፋው ላይ ተቀመጪና ሌላ ሰው እያቀያየረ ያሰማሽ። ቤዙ ሞላ ያለበትን ያዢ። ድምፁን ከዜሮ ጀምረሽ ቀስ ብለሽ ጨምሪ፤ ሰብዉፈሩ ለብቻው ተለይቶ ሲሰማሽ ትንሽ መልሺው። ስታጠፊው ዘፈኑ ከሳሳ፣ ስታበሪው ደግሞ ከየት እንደመጣ ካላወቅሽ ገጥሟል።

ጠያቂዋ

አላህ ይስጥልኝ፣ ኑሩልኝ። ባለ 8 ኢንች ዝግ ልፈልግ ነው። የእማማ ነገርስ?

መልስ፦ ከሐይቅ

ወፍራም ድምፅ ግድግዳ አያቆመውም። ከእሳቸው ግድግዳ በተቃራኒው በኩል ጥሩ ቦታ ካገኘሽ እሱን ምረጪ፤ ከሥሩም ወፍራም ስፖንጅ አንጥፊበት። ዘፈኑን ከፍተሽ እሳቸው ቤት ሂጂና ራስሽ ስሚው። እዚያ የሚሰማሽ ከሆነ ድምፁን ቀንሺው።

መልስ፦ ከወልድያ

መብራት ሲሄድም ንቀዪው። ሲመለስ ከፍ ብሎ ከመጣ መጀመሪያ የሚመታው አምፑን ነው።