የውሳኔ ከፍታ በየትኛው አልቲሜትር ይያዛል?

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ ጎንደር)፦ ጤና ይስጥልኝ። ለኢንስትሩመንት (በመሣሪያ ንባብ ለሚመራ) በረራ ፈተና የምዘጋጅ ተማሪ ነኝ። በአይ ኤል ኤስ (አውሮፕላኑን በሬዲዮ ምልክት ወደ ማኮብኮቢያው የሚመራ ሥርዓት) ካት 1 (ምድብ አንድ) አቀራረብ የውሳኔው ከፍታ፣ ማለትም አብራሪው መብራቱን ወይም ማኮብኮቢያውን ካላየ ማረፉን የሚተውበት ከፍታ፣ ከማኮብኮቢያው ጫፍ በላይ 200 ጫማ ቢሆን፣ ይህን ቁጥር በሬዲዮ አልቲሜትር (በሬዲዮ ሞገድ በሚለካው የከፍታ መለኪያ) ላይ ልሙላ ወይስ በባሮሜትሪኩ (በአየር ግፊት በሚለካው)? አብሮኝ የሚያጠናው ጓደኛዬ «ሬዲዮው ይበልጥ ትክክለኛ ስለሆነ እሱን ሙላ» ይለኛል። እኔ ግን ቻርቱ (የአቀራረብ ካርታው) ከባሕር ወለል የሚለካውን የውሳኔ ከፍታ (ዲኤ) አስቀድሞ ስለሚጽፍ አልተዋጠልኝም። ምክንያቱን ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ (የበረራ አስተማሪ)፦ ወንድሜ፣ ለካት 1 የሚሞላው ዲኤ ነው፤ እሱም በባሮሜትሪኩ ይያዛል። ሬዲዮ አልቲሜትር ትክክለኛ መሣሪያ መሆኑ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የሚለካው ሌላ ነገር ነው። ከ4,200 እስከ 4,400 ሜጋ ኸርዝ ባለው ሞገድ ወደ ታች ልኮ የሚነግርዎት በዚያች ቅጽበት ከአውሮፕላኑ ሥር ያለው መሬት ምን ያህል እንደሚርቅ ብቻ ነው፤ ማኮብኮቢያው ከፍ ይበል ዝቅ አያውቅም።

ስሌቱን ይሥሩት። በ3 ዲግሪ ቁልቁለት ወርደው የማኮብኮቢያውን ጫፍ በ50 ጫማ የሚያልፉ ከሆነ፣ 200 ጫማ ላይ ሲደርሱ ገና 870 ሜትር ያህል ይቀርዎታል። እንደ ጎንደር አካባቢ ባለ ተራራና ሸለቆ በሚፈራረቅበት አገር በዚያ ርቀት ላይ ምን እንዳለ ያስቡ። መሬቱ ከማኮብኮቢያው ጫፍ 80 ጫማ ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ሬዲዮው 200 ሲያሳይ እርስዎ በእውነቱ ከጫፉ በላይ 120 ጫማ ላይ ነዎት፤ የማኮብኮቢያውን መብራትም ሳያዩ መወሰን ከነበረብዎት ቦታ አልፈው ወርደዋል። በአንጻሩ ከሥርዎ ጉብታ ካለ ማስጠንቀቂያው ያለጊዜው ይመጣና ያለምክንያት ጎ አራውንድ ያደርጋሉ (ማረፉን ትተው እንደገና ይወጣሉ)።

ጠያቂው፦ እጅግ አመሰግናለሁ። ታዲያ በካት 2 (የውሳኔ ከፍታው ከካት 1 ዝቅ በሚልበት አቀራረብ) ሬዲዮው ለምን ተፈቀደ? አንድ ቻርት ላይ ደግሞ የውሳኔ ከፍታው 100 ጫማ ሆኖ ከጎኑ «አር ኤ (ሬዲዮ አልቲሜትር) 112» የሚል አይቻለሁ።

መልስ (የበረራ አስተማሪ)፦ ሁለቱም ጥያቄዎች አንድ መልስ አላቸው። በዚያው ቁልቁለት 100 ጫማ የሚደርሱት ከጫፉ 290 ሜትር ገደማ ሲቀርዎት ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት አቀራረብ ከጫፉ በፊት ቢያንስ 300 ሜትር ርዝመትና ከመካከለኛው መስመር በግራና በቀኝ 60 ሜትር የሆነ ቦታ በተቻለ መጠን ደልዳላ ሆኖ እንዲጠበቅ ይጠየቃል፤ የመሬቱም ቅርጽ በቅየሳ ይታወቃል። «112» የተባለው በዚያ ነጥብ መሬቱ ከጫፉ 12 ጫማ ዝቅ ስለሚል ነው፤ በሬዲዮው ላይ የሚሞሉትም ይህንኑ ቁጥር ነው። ባሮሜትሪኩ ደግሞ በአንድ ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) ስሕተት 30 ጫማ ያህል ይዛነፋል፤ ይህም ከ100 ጫማ ላይ ሲሶ ሊሆን ጥቂት የቀረው ስለሆነ የሚታለፍ አይደለም።

መልስ (የአቪዮኒክስ ቴክኒሻን)፦ አስተማሪው ያሉት ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ሬዲዮውም እንደማይሳሳት ተደርጎ እንዳይታመን ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2009 ወደ አምስተርዳም ሲቃረብ በነበረው የቱርክ አየር መንገድ በረራ 1951 ላይ የግራው ሬዲዮ አልቲሜትር አውሮፕላኑ ገና በአየር ላይ ሳለ ከዜሮ በታች 8 ጫማ አሳየ፤ አውቶትሮትሉም (የሞተሮቹን ኃይል በራሱ የሚቆጣጠረው ሥርዓት) ሊያርፍ የተቃረበ መስሎት የሞተሮቹን ኃይል ቀነሰ። የፍጥነቱ መውረድ በጊዜው ሳይታረም ቀርቶ አውሮፕላኑ ወደቀ፤ 9 ሰዎችም ሞቱ። ስለዚህ የግራውንና የቀኙን ንባብ ማነጻጸር የሁልጊዜ ሥራ ይሁን።

መልስ (ሌላ አባል)፦ በካት 1 ሬዲዮው ለውሳኔ ባይያዝም ዝም ብሎ አይቀመጥም። አብዛኞቹ ንባብ የሚጀምሩት ከ2,500 ጫማ በታች ሲወርዱ ነው፤ ያን ጊዜ ቁጥሩን ከቻርቱ የመሬት ከፍታ ጋር ያመሳክሩት። የአካባቢው ግፊት 1003 ሄክቶፓስካል ሆኖ ሳለ ባሮሜትሪኩ አልቲሜትር ላይ 1013 ተሞልቶ ከሆነ፣ አውሮፕላኑ ከሚያነቡት ወደ 300 ጫማ ያህል ዝቅ ብሎ ይበራል፤ ዲኤ ላይ የደረሱ ሳይመስልዎት መሬት ሊነኩ ይችላሉ። ይህን ልዩነት ቀድሞ ሊያሳይዎት የሚችለው ሬዲዮው ነው።