አዲስ ካርቦን ኮርሳ፦ ደንገጎን ከመውረዴ በፊት ምን ላስተካክል?

የሳቢያን ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን የምነዳው የድሮ የብረት ኮርሳ (የውድድር ብስክሌት) ነው፤ ጎማው 23 ሚሊ፣ ኋላው ባለ 7 ማርሽ። አሁን ካርቦን ገባልኝ። ፍሬሙ፣ ሹካው፣ የኮርቻው ቱቦ፣ ቸርኬው ጭምር ካርቦን ነው። ፍሬኑ ዲስክ አይደለም፣ ቸርኬውን ግራና ቀኝ የሚይዘው ዓይነት ነው። ጎማው 25 ሚሊ፣ ማርሹ ፊት 50/34 ጥርስ፣ ኋላ 11-28። እኔ 70 ኪሎ ነኝ፤ የእግሬ የውስጥ ርዝመት 82 ሴንቲ።

ያስቸገረኝ ይህ ነው። መሪው ሲበዛ ቀላል ነው፤ ውሃ ላነሳ አንድ እጄን ስለቅ ወዲያው ይስታል። በዝግታ ዞሬ ስመለስ የጫማዬ ጫፍ የፊት ጎማውን ይነካል። ኮርቻው ብሎኑን ባጠብቀውም ቀስ እያለ ይወርዳል። መልካ ጀብዱ ደርሼ ስመለስ መዳፌ ይደነዝዛል፣ የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ይብሳሉ። ስንት አየር ልንፋ? ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን የደንገጎን ቁልቁለትስ መቼ ብወርደው ይሻላል?

ብሩጎላ፦

እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። ከኮርቻው ልጀምር፤ ከጠየቅከው ሁሉ ፍሬምህን ሊያበላሽ የሚችለው እሱ ነው። ቱቦ ሲንሸራተት ሰው ሁሉ የሚያደርገው ብሎኑን መጨመር ነው። ብረት ይህን ይችላል። ካርቦን ግን ክሩ በተዘረጋበት አቅጣጫ ብርቱ ሆኖ ዙሪያውን ሲጨመቅ ደካማ ነው። ከውስጥ ይሰነጠቃል፣ ከላይ ቀለሙ ደህና ይመስላል። ስለዚህ ከአሁን ጀምሮ ያንን ብሎን አትጨምርበት።

መጀመሪያ ያለበትን ከፍታ በፕላስተር ምልክት አድርግና ቱቦውን አውጣው። ቱቦው ላይና ፍሬሙ ውስጥ ያለውን ቅባት ሁሉ በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ጥረግ። የብረት ኮርሳ ላይ እዚህ ቦታ ግራሶ እንቀባለን፤ ካርቦን ካርቦንን በሚነካበት ግን ግራሶ አይገባም። የሚገባው የካርቦን ፓስታ ነው፤ በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቅንጣቶች ሁለቱን ገጽ ያያይዛሉ፣ በትንሽ ጉልበትም እንዲጨብጥ ያደርጋሉ። ስስ አድርገህ ቀባና መልሰው። እዚህ ካጣኸው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ የሚመጣ ሰው ያምጣልህ፤ ትንሿ ከረጢት ብዙ ጊዜ ታገለግላለች። በምትኩ ወረቀት፣ የቆርቆሮ ቁራጭ ወይም አሸዋ እንዳትከት፤ ጫናውን አንድ ነጥብ ላይ ሰብስበው ፍሬሙን ያቆስሉታል።

ማሰሪያው ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት ልክ) ነው፣ ያንተን አንብብ። የተጻፈው ጣሪያው ነው። ፓስታ ከቀባህ በ4 ጀምር፣ ተቀምጠህበት ንዳ፣ ከወረደ ግማሽ ግማሽ ጨምር። ይህን ጉልበት የሚለካው የመኪና ጋራዥ ቶርክ ቁልፍ እዚህ አይሠራም፤ የተሠራው ለጎማ ብሎን ነው፣ ከ5 እጅግ ርቆ ነው የሚጀምረው። ከ2 እስከ 15 የሚለካውን ትንሹን ፈልግ። እስኪገኝ በሻንጣ ሚዛን መሥራት ትችላለህ፦ ብሩጎላውን ብሎኑ ላይ አስገባ፣ ከብሎኑ መሐል 10 ሴንቲ ለካና እዚያ ላይ የሚዛኑን መንጠቆ አድርገህ ከብሩጎላው ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ሳብ። ሚዛኑ 4 ኪሎ ሲል ወደ 4 ኒውተን ሜትር ነው፣ 5 ኪሎ ሲል ወደ 5። ጋደም አድርገህ ከሳብክ ግን ልኩ ይሳሳታል። ቱቦው ላይ ያለችው የመጨረሻ መስመር ከማሰሪያው በላይ እንዳትታይም ተጠንቀቅ።

የመሪው አንገትም እንዲሁ ነው፣ ግን ቅደም ተከተል አለው። የላይኛው ክዳን ብሎን ሥራው ንቅናቄ ማጥፋት ብቻ ነው። የፊት ፍሬኑን ይዘህ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፋ፤ ንቅናቄው እንደጠፋ ክዳኑን ተወው። ከዚያ የጎን ሁለቱን እያፈራረቅህ በትንሽ በትንሹ አጥብቅ። መሪውን የሚይዘው የፊት ሳህን አራት ብሎን ካለው በመስቀል ቅርጽ ሂድ፣ ከላይም ከታችም ክፍተቱ እኩል ይሁን። የመሪው ከፍታ ገና ስላልተወሰነ የሹካውን አንገት ማንም እንዳይቆርጠው፤ የተቆረጠ አይመለስም።

ልክህን በተመለከተ 82 ሲባዛ 0.883 ይሆናል 72.4 ሴንቲ፤ ከፔዳሉ ክንድ መሐል ዘንግ እስከ ኮርቻው ራስ፣ በኮርቻው ቱቦ መስመር ላይ። ይህ መነሻ ነው። አሮጌው ብስክሌት የሚመችህ ከነበረ ግን ከቀመር ይልቅ እሱን እመን። የኮርቻውን ከፍታ፣ የኮርቻው አፍንጫ ከመሐል ዘንጉ ወደ ኋላ የሸሸበትን (ክብደት የታሰረበት ክር ከአፍንጫው አንጠልጥለህ ትለካዋለህ)፣ ከአፍንጫው እስከ መሪው መሐል ያለውን፣ መሪው ከኮርቻው ምን ያህል ዝቅ እንዳለ፣ አራቱን ወደ አዲሱ አዛውር። የፔዳል ክንዱንም ተመልከት፤ አሮጌው 170 ሆኖ አዲሱ 172.5 ከሆነ ኮርቻውን 2.5 ሚሊ ዝቅ ታደርጋለህ። ማስተካከያህ በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊ አይበልጥ፤ ጉልበት የሚታመመው በድንገተኛ ለውጥ ነው።

ጫማህ ጎማ መንካቱ ጉድለት አይደለም። የውድድር ፍሬም አጭር ነው፣ በተለይ ትንሹ ቁጥር። በፍጥነት ስትነዳ መሪው ያን ያህል ስለማይዞር አይነካም። በዝግታ ወደ ግራ ስትዞር ቀኝ እግርህ ከፊት አይሁን፣ ወደ ቀኝ ስትዞር ግራው። በመዞር ላይ ሳለህም ፔዳል አትምታ።

ፈጣኑ፦

ጎማውን 120 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት ልክ) አድርገውና ተገላገል። ጠንካራ ጎማ ይፈጥናል። ጎሚስታ ጋ ወስደህ በኮምፕሬሰር ማስነፋት ነው።

ካቴና፦

ፈጣኑ፣ ይህ ለ23 ሚሊ ዘመንም ቢሆን ለለስላሳ አስፋልት ብቻ ነበር። በኛ መንገድ 120 ሲሆን ጎማው መሬቱን አይረግጥም፣ ይዘላል። በዘለለ ቁጥር ፍጥነት ይቀንሳል፣ ንዝረቱ በመሪው በኩል መዳፍ ላይ ያርፋል። መሪው የሚስተውና እጁ የሚደነዝዘው በከፊል ጎማው ጠንክሮ ሊሆን ይችላል።

ለ70 ኪሎ ሰው በ25 ሚሊ ከኋላ 85፣ ከፊት 80 ፒ ኤስ አይ ጀምር። ኮብልስቶን የሚበዛበት ሰፈር ከሆነ ከሁለቱም 5 ቀንስ። ከዚያ በፊት ግን ቸርኬው ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ቁጥር አንብብ፤ ከንፈሩ ላይ ጎማውን የሚይዝ መንጠቆ የሌለው ዓይነት ከሆነ ከ72.5 ማለፍ ክልክል ነው፣ ጎማው ራሱ ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል፤ የሚገባለትም ለዚያ የተፈቀደ ጎማ ብቻ ነው። የድሬንም ፀሐይ ቁጠር። ጠዋት በ20 ዲግሪ 80 የነፋኸው ጎማ 40 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 86 ይወጣል። ስለዚህ ጫፉ ድረስ አትንፋ፣ ነፍተህም ፀሐይ ላይ አታቁመው።

ጎሚስታ ጋ አትሂድ። የኮርሳ ቀጭኑ ቫልቭ የኮምፕሬሰሩን አፍ አይገጥምም፤ የነሐስ ማስተላለፊያ ቢገኝ እንኳ ጎማው ትንሽ አየር ስለሚይዝ በሁለት ሰከንድ ልኩን ያልፋል። ሰዓት ያላት የእግር ፖምፓ ግዛ። የቫልቯን ጫፍ ፈትተህ፣ አንዴ ጫን ብለህ አየር ካስተነፈስክ በኋላ ፖምፓውን ግጠም። በየሁለት ቀኑ ለካ፤ ቀጭን ከመነዳሪ ሳይበሳም አየር ይቀንሳል። የግራር እሾህ ሲወጋህ ደግሞ ከመነዳሪውን ቀይረህ ብቻ አትነሳ። ኮፐርቶኒውን ከውስጥ በጣትህ ቀስ ብለህ ዳስስ፤ ተሰብሮ የቀረው የእሾህ ጫፍ አዲሱን ደግሞ ይበሳዋል።

ለእጁ፦ የወረደ ኮርቻ አፍንጫው ወደ ታች ተዘንብሎም ይሆናል፣ ያኔ ሰውነትህ ወደ ፊት ይንሸራተትና ክብደትህ መዳፍህ ላይ ይወድቃል። በውሃ ልክ አስተካክለው። የመሪውን ከፍታ የሚወስኑትን ቀለበቶች ሁሉ ለጊዜው ከመሪው አንገት ሥር አድርጋቸው፤ ወገብህ ሲለምድ በየሁለት ሳምንቱ 5 ሚሊ ወደ ላይ ታዛውራለህ። ክርንህን እጠፍ፣ እጅህንም በየጥቂት ደቂቃው ከላይ፣ ከፍሬኑ ራስ፣ ከታች አቀያይር። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት የሚደነዝዙት መዳፍ ጎን የሚያልፈው ነርቭ ሲጨቆን ነው፤ ወፍራም ጓንት ብቻውን አያድነውም።

ጁገል፦

አቦ፣ እኔ ስለ ደንገጎ ብቻ ልናገር፣ ከሐረር ወደ ድሬ የሚወርድ ሁሉ የሚያልፍበት ስለሆነ። የካርቦን ቸርኬ ያለው ሰው ይህን ቁልቁለት እንደ አሉሚኒየም ከወረደው ችግር ይገጥመዋል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንተና ብስክሌቱ 80 ኪሎ ብትሆኑ፣ 800 ሜትር ከፍታ ስትወርዱ ከ600 ኪሎ ጁል በላይ ጉልበት መጥፋት አለበት። ከፊሉን ነፋስ ይወስዳል፣ የቀረው ቸርኬው ላይ ሙቀት ይሆናል። አሉሚኒየም ሙቀቱን ወደ መላ አካሉ ያሰራጨዋል። ካርቦን ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም፤ ፍሬን በሚነካው ስስ መስመር ላይ ይከማቻል። ክሩን የያዘው ሙጫ ይለሰልሳል፣ በውስጥ ያለው አየር የቸርኬውን ከንፈር ወደ ውጭ ይገፋል፣ ከመነዳሪውም ይፈነዳል። ፈርቶ ከላይ እስከ ታች ፍሬኑን በስሱ ይዞ የሚወርድ ሰው ነው ቶሎ እዚህ የሚደርሰው።

አያያዙ እንዲህ ነው። እጅህ ታችኛው መሪ ላይ ይሁን፤ ፍሬኑን የምትይዘው በብርቱው ቦታ ነው፣ ክብደትህም ዝቅ ይላል። ከመታጠፊያው በፊት፣ ገና ቀጥ ብለህ ሳለህ፣ ሁለቱንም ለ2 ወይም ለ3 ሰከንድ ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ከዚያ ፈጽሞ ልቀቅ። ቸርኬው የሚቀዘቅዘው በለቀቅህበት ጊዜ ነው። ቀጥ ባለው መንገድ ደረትህን ቀና አድርግ፣ ነፋሱ ራሱ ፍሬን ይሆንልሃል። የማቃጠል ሽታ ከመጣ ወይም ፍሬኑ እጅህ ላይ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሰፊ ዳር ፈልገህ ቁምና እስኪበርድ ጠብቅ። ውሃ አትድፋበት።

የፍሬን ሸራውም ለካርቦን የተሠራው መሆን አለበት። አሉሚኒየም ላይ የሠራ ሸራ የብረት ፍቅፋቂ ይዞ ይቀራል፤ ያ ፍቅፋቂ ካርቦኑን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ላቴክስ ከመነዳሪ ካለህ አውጣው፣ ሙቀት አይችልም፤ የተለመደውን ቡቲል አድርግ።

ቁርጥ ያለው ምክሬ ግን ለደንገጎ አሉሚኒየም ቸርኬ ግጠም ነው። ካርቦኑ ለሽንሌ መንገድና ለሜዳ ይሁንህ። የአሮጌው ብስክሌትህን ቸርኬ ልግጠም እንዳትል፤ የባለ 7 ማርሹ የኋላ ቸርኬ መሐል (ዘንጉ የሚያልፍበት) ስፋቱ ብዙ ጊዜ 126 ሚሊ ነው፣ የአዲሱ ፍሬም ክፍተት 130። ብረት ሲጨመቅ ይሰበሰባል፣ ካርቦኑ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። 130 ሆኖ ለአዲሱ ካሴት (የኋላ ማርሽ) የሚሆን ፈልግ። ስትቀይር ሸራውንም ቀይር፣ የፍሬኑን ሽቦ እንደ ቸርኬው ስፋት አስተካክል።

መቼ ለሚለው፦ ኮርቻው መውረድ ካቆመና አንድ እጅህን ለቀህ ቀጥ ብለህ መሄድ ከቻልክ በኋላ። ያኔም ሙሉውን አትውጣ። 2 ኪሎ ሜትር ውጣ፣ ውረድ፣ ቁም፣ ቸርኬውን በጣትህ ጫፍ ነካ አድርግ። ጣትህን ለ3 ሰከንድ ማቆየት ካቃተህ አያያዝህ ገና ነው። ከሆነልህ ወደ 4 አሳድገው። ለመውጣቱ አትስጋ፤ በ34 እና በ28 ጥርስ በደቂቃ 80 ዙር ስትመታ 12 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትሄዳለህ፣ ጉልበት አያስጨንቅም። ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚወርድ አይሱዙ ከኋላ ከሰማህ ግን ቦታውን ልቀቅለት፤ መታጠፊያ ላይ እንኳ አይጠብቅህም።

የሳቢያን ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሽ ብሩጎላ፣ አንድ ነገር ልጨምርብዎ፦ ፔዳል ስመታ ከታች "ቀጭ ቀጭ" ይላል፣ ማርሹ በኩልም የፍሬሙ የኋላ ክንድ ላይ ካቴናው የጫረው ቦታ አለ። ፍሬሙ ተሰንጥቆ ይሆን?

ብሩጎላ፦

ካርቦን ባዶ ስለሆነ ትንሹን ድምፅ ያጎላል፤ ከኮርቻው ቱቦ የመጣ ከታች የመጣ ይመስልሃል። እየለየህ ፈልግ። ተነሥተህ ስትነዳ ከጠፋ ከኮርቻው ወይም ከቱቦው ነው። ፔዳል ሳትመታ መሪውን ስትጎትት ካለ ከአንገቱ ነው። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ላይ ከጮኸ ፔዳሉን ፈትተህ ጥርሱን ግራሶ ቀባና መልስ፤ እዚህ ብረት ከብረት ስለሆነ ግራሶ ይገባል፣ የግራው ፔዳል በተቃራኒ እንደሚፈታም አትርሳ። የቸርኬውን ማሰሪያም ንጹሕ አድርገህ መልስ። ይህ ሁሉ ካልረዳ የመሐል ዘንጉ ኩሽኔታ ነው፤ በግፊት የሚገባው ዓይነት ከሆነ አቧራ ይገባበትና ይጮኻል። መዶሻ ይዞ የሚመጣ መካኒክ አታስነካው፣ ማውጫና ማስገቢያ መሣሪያው ያለው ሰው ይሥራው።

ጭረቱን በአልኮል አጽዳና በባትሪ ብርሃን እይ። ቀለም ብቻ ከሆነ ጥፍርህ አይያዝም። ከዚያ በሳንቲም ጫፍ ከጤነኛው ቦታ ጀምረህ ወደ ጭረቱ እያንኳኳህ ሂድ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተላቀቀው ይደፈናል። ግድግዳው የሚወፍርበት ቦታም ድምፁ ስለሚለወጥ በግራው ክንድ ተመሳሳይ ቦታ አንኳኩተህ አወዳድር። ክሩ ከታየ፣ ከተደፈነ ወይም በአውራ ጣትህ ስትጫነው ከሰጠ፣ ካርቦን የሚያውቅ ሰው እስኪያየው አትንዳው። ደህና ከሆነ ቦታውን በወፍራም የፕላስቲክ ተለጣፊ ሸፍን፤ ካቴናው ነገም እዚያው ነው የሚመታው።

የድሬ ላብ ጨው ነው፣ ከካርቦን ጋር የተያያዘ አሉሚኒየምን ይበላል። ከነዳህ በኋላ የመሪውን አንገትና የጠርሙስ መያዣውን ብሎኖች በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ። በየጥቂት ወሩም የኮርቻውን ቱቦ አውጥተህ አጽዳ፣ ተጣብቆ እንዳይቀር።

ሐረር ሚኒባስ ላይ ጭነህ ስትሄድ ደግሞ ጣራው ላይ በገመድ በላይኛው ቱቦ አታስጠርቅመው፤ ያ ቱቦ ስስ ነው፣ የጎን ጭምቅ አይችልም። ጎማዎቹን አውጣ፣ ፍሬሙን በብርድ ልብስ ጠቅልል፣ በሹካው ጫፎችና በኋላው ክንዶች መካከል 100 እና 130 ሚሊ የሆነ እንጨት አስገባና ውስጥ ከእግርህ አጠገብ ያዘው። ለትርፍ ወንበር ክፈል።